ማሽኑ አጎትን ሲለምን

(ቢሮ። ሊቁ የሚባለው የኮምፒውተር ባለሙያ ጸጉሩን ይዞ አፍጥጧል። የእናቱ ወንድም፣ የቢሮው ጥበቃ፣ ስልካቸውን ይዘው ተረጋግተው ተቀምጠዋል።)

ሊቁ፦ እምቢ አሉት? ዌብሳይት የሚያወጣልኝን ማሽን?

አጎት፦ እምቢ አላልኩም። "ይቅር" የሚለውን ነው ስልኬ ላይ የነካሁት።

ሊቁ፦ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ማሽኑ ተበላሸ ብዬ ሽቦ ስፈታ! ዛሬ የጫማ ቤቱ ዌብሳይት ካልወጣ አለቃችን ታባርረኛለች እኮ!

አጎት፦ ማሽንህ ባለጌ ነው። አንዴ "ይውጣ?" አለኝ፤ "ይቅር" ስለው ዝም! ሰው አይለመንም?

ሊቁ፦ ኧረ አጎቴ! እኔ የጻፍኩትን ይሰበስባል፣ ይፈትሻል፣ ደህና ከሆነ እርስዎን ይጠይቃል። "እሺ" ሲሉት ለሕዝብ ይለቀዋል። አለቀ!

አጎት፦ ገና ከመጠየቁ እሺ ብል ስግብግብ አይለኝም?

ሊቁ፦ ማሽን ሰው አያማም!

አጎት፦ ታዲያ ለምን ራስህን አይጠይቅህም?

ሊቁ፦ ከምሳ በኋላ ጋደም ስል እንዳይረብሸኝ ነዋ! ስልኩን ይስጡኝ!

አጎት፦ (ስልኩን ኪሳቸው እየከተቱ) መጀመሪያ ልለመን።

ሊቁ፦ (ኪቦርዱን እየደበደበ) ይለመኑ! "በሞቴ፣ እምቢ አይበሉኝ፣ እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ!" ይኸው! ሂድ!

(ስልኩ ይጮኻል።)

አጎት፦ አሁንም "ይውጣ?" ብቻ ነው የሚለው። ቆይ፣ የሚወጣውን ልየው... (ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያነባሉ) ውይ! አንጀቴን በላው! እሺ ብያለሁ።

ሊቁ፦ ተገላገልኩ! ለመነዎት አይደል?

አጎት፦ እሱ አይደለም። ጫማዎቹ ናቸው የለመኑኝ።

ሊቁ፦ ምን?

አጎት፦ እያንዳንዱ ጫማ ሥር "በሞቴ፣ እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ" ይላል።

ሊቁ፦ ወይኔ! ለማሽኑ ብዬ ዌብሳይቱ ላይ ጻፍኩት! ፍተሻውስ ምን ይሠራ ነበር?

አጎት፦ "ደህና ነው" ይላል። መለመን ምን ነውር አለው?

(ከሰዓታት በኋላ የቢሮው ስልክ ይጮኻል። ሊቁ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። አጎት ያነሳሉ።)

አጎት፦ አቤት እመቤቴ... አለ፣ ጠረጴዛ ሥር ነው... ኧረ ይቅር... ኧረ ግዴለም... እንዲህ ካሉኝማ እሺ! (ይዘጋሉ) ና ውጣ፣ አልተባረርክም።

ሊቁ፦ እውነት?

አጎት፦ ጫማ ቤቱ ልመናውን ባነበበ ሰው ተጥለቅልቋል። ባለቤቱ "ይህን የሚለምነውን ሰውዬ ላኩልኝ" ብሏል። ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ ቆመህ አላፊ አግዳሚውን ትለምናለህ።

ሊቁ፦ ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ? ምነው እምቢ ቢሉልኝ!

አጎት፦ ብዬ ነበር። ምን ላድርግ፣ አለቃችን እኮ ደግማ ለመነችኝ።