ማስመሪያ የማይዘው መሐንዲስ

ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የወረቀቱን ጠርዝ የማይሞነጫጭር ሰው ያስፈራኛል። ሁሉንም ነገር እየሰማ ነው ማለት ነው? እኔ ቂሊንጦ ካለው ፋብሪካችን ስብሰባ አንድም ቃል ሳልይዝ እወጣለሁ። አጀንዳው ዳርና ዳር ግን ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ ሣጥን፣ ከሣጥኑ ጎን ቀንድ አውጣ ተሰልፎበታል። ይህን ነገር ሰው ለጤናው ብሎ፣ ሰዓት መድቦ እንደሚሠራው የሰማሁት አምና ነው።

የጀመረው በደም ግፊት ነው። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ክንዴን ጠቀለለች፣ ነፋች፣ አስተነፈሰች፣ እንደገና ነፋች። ሁለቴ ከተነፋላችሁ መልካም ዜና የለም። “ጨው ቀንስ፣ ጭንቀት ቀንስ” አለችኝ። ጨው እሺ። ጭንቀትን ከየትኛው ወጥ ነው የምቀንሰው?

ሞክሬያለሁ፣ አትፍረዱብኝ። በጥልቀት ተንፍስ አሉኝ። ቃሊቲ አስፋልት ዳር፣ ከአሸዋ መኪና ጭስ ማውጫ ጀርባ ቆሜ በጥልቀት ሳብኩ። ሳል ሆኖ ወጣ። በእግርህ ተንሸራሸር አሉኝ። ተንሸራሸርኩና ክዳን የሌለው ቱቦ ውስጥ አንድ ጫማ ጥዬ ተመለስኩ። ዐይንህን ጨፍነህ ዝም በል ያለኝም ነበር። ታክሲ ውስጥ ጨፈንኩ። ረዳቱ ኮዬ ፈጬ ላይ ቀሰቀሰኝ። ቤቴ አቃቂ ነው።

ያዳነችኝ ሀና ናት። ስቶር ክፍል ከጎኔ የምትቀመጥ የሥራ ባልደረባዬ። ካርቶን ሲጎድል ሁላችንም እንጯጯሃለን። እሷ እስክርቢቶዋን ታነሣና ትንሽ አራት ማዕዘን ትስላለች። በውስጡ እንደመጣላት ሦስት አራት መስመር ታሳልፋለች። ከዚያ የተከፋፈለውን ቦታ አንድ በአንድ ትሞላዋለች፤ አንዱን በነጥብ፣ አንዱን በሞገድ፣ አንዱን በዓሣ ቅርፊት። ስትጨርስ ካርቶኑ ይገኛል። ባይገኝም እሷ ግድ የላትም።

ሕጉ ሦስት ነው አለችኝ። ላጲስ የለም። ማስመሪያ የለም። ዓላማ የለም።

ሦስተኛው ከበደኝ። ያለ ዓላማ የሠራሁት ነገር ኖሮ አያውቅም፣ ስብሰባውን ካልቆጠርነው።

ግን ልንገራችሁ፣ ይሠራል። እጅ አንድ ዓይነት ነገር ሲደጋግም ሐሳብ ይሰለቸውና ጥግ ይዞ ቁጭ ይላል። ትከሻችሁ ከጆሯችሁ ሥር ወርዶ ቦታው ላይ ሲያርፍ ይሰማችኋል። እስከዚያ ድረስ የት እንደነበር አታውቁም። መስመሩ ቢጣመምስ? ቀጣዩንም ታጣምሙታላችሁ። አንድ የተጣመመ መስመር ስህተት ነው፤ አሥሩ አንድ ላይ ሲሆኑ ጌጥ ይባላሉ። እንዲህ ያለ ይቅር ባይ ነገር ሌላ የት ይገኛል?

ሰፈሩም ተለወጠብኝ። ለካ ቆርቆሮ ሞገድ ነው! ለካ የግቢ በር ሁሉ አበባና ቀለበት ለብሷል! የጭነት መኪና ጎማ ላይ ያለውን ንድፍ ለመቅዳት ጎንበስ ስል ሹፌሩ “ምን ጠፋህ ወንድሜ?” ብሎኛል። ምንም አልጠፋኝም። እንዲያውም አገኘሁ።

ጠዋት ጠዋት የፋብሪካውን ሰርቪስ የምጠብቀው ከእትዬ ዘነበች ኪዮስክ አጠገብ ነው። በሰፈራችን ወዳለው ማረሚያ ቤት የሚሄድ እስረኛ ጠያቂ ስልኩን ይዞ አይገባም። እትዬ ዘነበች ስልኩን ተቀብለው፣ ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠች ቁጥር ይሰጡታል። ሲመለስ ቁጥሩን ሰጥቶ ስልኩን ይወስዳል። ሁለት ልጆች ያሳደጉት በዚህች የቆርቆሮ ኪዮስክ ነው። ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ጎናቸው ሸምሱ አለ። ኮንቴይነር ውስጥ ሳህን፣ ባልዲና ፌስታል ይሸጣል፤ ምግብ ለሚያመላልስ ጠያቂ የሚያስፈልገውን ሁሉ።

ድሮ እትዬ ዘነበች እኔን የሚያነጋግሩኝ እንዲህ ነበር፦ “አንተ ልጅ፣ ደንበኛ ከለልክብኝ እኮ! ፈንጠር በል!” ፈንጠር እል ነበር።

እዚያው ቆሜ መሣል በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት በርጩማ ወጣልኝ።

“እስቲ አረፍ ይበሉ” አሉኝ። ይበሉ! ወደ ኋላዬ ዞሬ ማን እንደመጣ አየሁ። ማንም የለም። በማግሥቱ ዝንጅብል ያለበት ሻይ መጣ። በሦስተኛው ቀን ሸምሱ በርጩማዋን በራሱ ፎጣ ጠረገና “ኢንጂነር፣ ደህና አደሩ?” አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እስክርቢቶ የያዘ ሁሉ ወይ ዶክተር ወይ ኢንጂነር ነውና አልገረመኝም። አንድ ቀን ደግሞ ለደንበኛው ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። “ማስመሪያ እንኳ አይዝም፤ በእጁ ነው ቀጥ የሚያደርገው።” አድናቆት መስሎኝ ደስ አለኝ። ያን ቀን ሁለት መስመር ጨመርኩ።

ሀናን ሰበክኋት። የውስጥ ሰላም በፊት ላይ ይታያል፤ ሰውም ሳያውቀው ይሳባል፤ ይኸው ሻይ ሁሉ ያመጡልኛል አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። “ሸሚዝህ ይሆናል” አለች።

አንድ ዓርብ እትዬ ዘነበች ከኋላዬ መጥተው ወረቀቴን አዩ።

“ይቺ ትንሿ ሣጥን ምንድን ናት?”

ደስ ይበላቸው ብዬ “እሷማ የእርስዎ ኪዮስክ ናት” አልኳቸው። ከበራቸው ቆርቆሮ ንድፍ ወስጄ ስለነበር ውሸት አይደለም።

“በመሃሏ የሚያልፈውስ ወፍራም መስመር?”

እስክርቢቶው ተፍቶብኝ ነው። ተፋብኝ ከማለት ግን ጥበቡን ላስረዳ ፈለግሁ። “እንግዲህ አንዴ ካለፈ አለፈ፣ እትዬ። ላጲስ አንጠቀምም፤ ደንቡ ነው።”

“ደንቡ ነው” አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሻዬን ሳልጨርስ ሌላ ሻይ አመጡ።

ሰኞ ጠዋት ስመጣ ኪዮስኳ የለችም።

በቦታዋ ጸሐይ ነክቶት የማያውቅ አራት ማዕዘን አፈርና አንድ የቆርኪ ክምር ብቻ። ደነገጥኩ። “እዚህ ነን!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኪዮስኳ ከመንገዱ የፍሳሽ ቱቦ ማዶ ግንብ ተደግፋ ቆማለች። እትዬ ዘነበች ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የእጃቸው አንጓ ሲያሻግሩ ወለም ብሎ በሻሽ ታስሯል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰፈሩን ወንዶች ለምነው አሸክመው አሻግረዋታል።

“ይኸው ተነሣሁልዎ። አሁንስ ደህና ነኝ?”

ማንን እንደሚያነጋግሩ ሊገባኝ አልቻለም። የሚያነጋግሩት እኔን ነው። ሸምሱ መጣና ይገባኝ ጀመር።

“ኢንጂነር፣ የእኔንስ ስንት እርምጃ ይነካዋል? ለእሳቸው ነግረው ለእኔ ይደብቃሉ?”

ለካ መንገዱ ሊሰፋ ነው እየተባለ ሲወራ ከርሟል። ለካ እኔ ቀድሜ በድብቅ የተላክሁ ቀያሽ ነኝ። በየበሩ እየቆምኩ የማየው፣ የማሰምረው፣ ለዚያ ነው።

“እኔ ኢንጂነር አይደለሁም” አልኩ።

“ታዲያ ምንድን ነህ?”

“የስቶር ሠራተኛ።”

“ታዲያ ምን ሆነህ ነው የምታሰምረው?”

“ደም ግፊቴ እንዲወርድ።”

አንድ ታክሲ ቆሞ፣ ጭኖ፣ ሄደ። እትዬ ዘነበች የታሰረ እጃቸውን አነሡ።

“ያንተን አውርደህ የእኛን ሰቀልከው?”

ወደ “አንተ” ተመለስኩ። ሻዩም ቀረ።

ልመልሳት አልኩ፣ ሰው እጠራለሁ አልኩ። ረፍዷል። ማክሰኞ ጠዋት ሸምሱ በባዶው ቦታ ባልዲዎቹን ደርድሮ ነበር። “የእሳቸውም ነገር ይታያል፤ መሬቱ እኮ ባዶ ነው” አለ፣ ወደ ሰማይ እያየ። እትዬ ዘነበች ቱቦው ማዶ ቀሩ። ጠያቂ አያያቸውም። ያያቸውም ቱቦው ላይ የተጣለችውን ጠባብ ሳንቃ ሲያይ ይመለሳል። በሳምንቱ ስልክ የሚንጠለጠልባቸው ምስማሮች ግማሾቹ ባዶ ነበሩ። እኔ አሥር ሳንቲም በማይሞላ ወረቀት ላይ ሰላሜን ስፈልግ የሰው እንጀራ ከመንገድ ዳር ነቅያለሁ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ሦስቴ ነፋች።

መሣሉን ተውኩ። ሰፊ ሳንቃ ገዝቼ ቱቦው ላይ ጣልኩ። ካርቶን ላይ “ስልክ እናስቀምጣለን” ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ዙሪያውን በሞገድ ሞላሁት፣ አመል አይለቅማ። እትዬ ዘነበች ሞገዱን ብዙ ጊዜ ቆመው አዩት።

“ለመሆኑ ይሄ ነገርህ እውነት ልብ ያሳርፋል?”

“ያሳርፍ ነበር።”

“እስቲ አምጣው። ምን ሥራ አለኝ? ሥራዬን እንደሆነ ገድለኸዋል።”

እስክርቢቶውን ሰጠኋቸው። ሦስቱን ሕጎች ነገርኳቸው። ሁለቱን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው ላይ “ያለ ዓላማ? እኔ?” ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ እውነተኞቹ መጡ። ባለ ሦስት እግር መሣሪያ፣ ረጅም ገመድ፣ ቀይ ቀለም፣ ማስመሪያም ጭምር። ገመዱን ሲወጥሩ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ቆመ። ገመዱ መጣ፣ መጣ፣ በሸምሱ ባልዲዎች መሃል አለፈ። የእትዬ ዘነበች ኪዮስክ ቆማበት የነበረውን ቦታ ለሁለት ከፈለ። ከአዲሱ ቦታዋ ግን በደንብ ራቀ። የሸምሱ ኮንቴይነር ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ።

ማንም ቀያሾቹን አላየም። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

“የስቶር ሠራተኛ!” አለ ሸምሱ።

እምላለሁ አልኩ። እስክርቢቶው ተፍቶብኝ ነው አልኩ። ይባስ ብለው ሳቁ። ሸምሱ በሳምንቱ ኮንቴይነሩን አስጎትቶ ከእትዬ ዘነበች ጎን ቆመ። ጠያቂውም ሌላ ምርጫ ስለሌለው ሁሉም በእኔ ሳንቃ ይሻገር ጀመር። ምስማሮቹ ሞሉ።

እኔ ግን አለቀልኝ። አሁን ሰርቪስ ውስጥ በቦርሳ ከልዬ እንኳ መሣል አልችልም። በቀደም አንድ የማላውቃቸው አባት የይዞታ ካርታቸውን ፎቶ ኮፒ አድርገው መጡ። “ልጄ፣ አንዲት መስመር ብቻ። ወደ ጎረቤቴ ጠጋ አድርገህ” አሉኝ። አልችልም ስላቸው “ገባኝ፣ ሰው አለ” ብለው ጠቀሱኝና ሄዱ። ግፊቴን አትጠይቁኝ።

ትናንት እትዬ ዘነበች ጋ ጎራ አልኩ። ደንበኛ ሲቀንስላቸው የቁጥር ካርቶኖቹን ጀርባ ይስላሉ። አንዷን አነሣሁ። መሃሏ ላይ ባለቆርቆሮ በር ትንሽ ሣጥን አለች። ከአራቱም ማዕዘን መስመር ይመጣል፤ ይመጣል፤ ሣጥኗ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ያልፋል። አንዱም አይነካትም። ሌላዋን አነሣሁ። እሷም እንደዚያው።

“እትዬ፣ ዓላማ የለም ተባብለን አልነበር?”

ቀና አላሉም።

“ያንተ ግፊት ስንት ደረሰ?”

ነገርኳቸው።

“እኔም ትናንት ተለካሁ። አንዴ ብቻ ነው የነፉልኝ” አሉና መስመሯን በኪዮስካቸው ዙሪያ ቀስ አድርገው አዞሯት።