እንኳን ለቀቁህ

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሐበሻ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቃችሁ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ልጅህ ምን ይሠራል?» ነው። የሌላው ሰው ልጅ ነርስ ነው፣ ኢንጂነር ነው፣ ያልቃል። የኔ ነቢል ግን ቤዝቦል ተጫዋች ነበር። ሥራው በዱላ ኳስ መምታት።

አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ስንወጣ ሐጂ ሰዒድ ያችኑ ጠየቁኝ። መቺ ነው አልኳቸው። ማንን ነው የሚመታው አሉ። ኳስ ነው ስላቸው ትንሽ ተረጋጉ። አስር ተወርውሮለት ስንቱን ይመታል አሉኝ ደግሞ። ሦስቱን ከመታ ጎበዝ ይባላል አልኳቸው።

«ሰባቱን ስቶ?» አሉና እዚያው ቆመው ዱዓ አደረጉለት።

እኔም ከሐጂ አልሻልም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ከቡድኑ ጋር በባስ ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው ሲዞር፣ ትልቁ ሊግ ለመግባት አንድ ደረጃ ሲቀረው፣ የኔ ምክር አንድ ነበር፤ ትተህ ና፣ ትምህርትህን ጨርስ።

ታዲያ አንድ ቀን ወደ ውድብሪጅ ሰው ላደርስ ታክሲዬን ስነዳ ደወለ።

«ባባ፣ ሪሊስ አደረጉኝ» አለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ለቀቁህ» አልኩት።

ስልኩን ዘጋብኝ። ለካ ቡድኑ አሰናብቶታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ልጄ የፈረመበት ወረቀት ግን ለቀቀው። ሌላ ቡድንም አልፈለገው።

ወሬውን ያዳረስኩት ራሴ ነኝ። ሪሊስ ማለት ከእስር መፈታት ብቻ መስሎኝ እኮ ነው እያልኩ በየሰርጉ አወራሁት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ነቢል አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከኔ ጋር የነበረው ቃል «ኦኬ» ብቻ ነው። ለዒድ ይመጣል፣ ይበላል፣ ኦኬ ብሎ ይሄዳል። ልጃችሁ በአንድ ቃል አናግሯችሁ ያውቃል? ያማል።

አሁን እዚሁ አቅራቢያችን፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ መምታት ያስተምራል። ባለፈው ቅዳሜ ይቅርታ ልጠይቀው ቆርጬ ሄድኩ። መጋዘን በመሰለ አዳራሽ መረብ ተወጥሯል፤ አንድ ረጅም ጎረምሳ ደጋግሞ ይስታል። ነቢል አልተቆጣውም። «ያለፈውን ተወው፣ የሚመጣውን ኳስ እይ» ይለዋል፣ በዚያው በእንግሊዝኛቸው። እኔ ልጄን እንዲህ ብዬው አላውቅም። አፈርኩ።

ሲጨርስ መኪናዬ ውስጥ ገባ። የለመድኳትን ጀመርኩ፤ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ቃሉ አልገባኝም፣ ምናምን።

«ባባ፣ ስቶፕ። እውነቱን ንገረኝ» አለ። «በጭራሽ አልገባህም ነበር?»

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ድሮ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ከምሠራበት ምግብ ቤት ሲያሰናብቱኝ የሰጡኝ ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ቃል ያው ሪሊስ ነበር። ትርጉሙን ያን ቀን በደንብ ተምሬዋለሁ።

«ገብቶኝ ነበር» አልኩት። «ቤትህ ልትመጣልኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነው።»

ነቢል ራሱን ነቀነቀ። በሩን ቀስ አድርጎ ከፍቶ ወረደ፤ ወደ አዳራሹም ተመልሶ ገባ።

እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላሉ አበው። ሰዓቴን አየሁ፤ ገና ቀትር ነው፣ እስኪመሽ ብዙ ይቀራል።