ሦስተኛው አያት

(የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ። መደርደሪያው ላይ አምስት ነጫጭ የራስ ቅሎች ከግራ ወደ ቀኝ ተሰልፈዋል፤ በግራ ጥንታዊው፣ በቀኝ የዛሬው ሰው። የባዮሎጂ መምህሩን ተማሪውም ጎረቤቱም "ሊቁ" ይለዋል። ሹፈቱ ስላልገባው ደስ ይለዋል። ጋሼ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ሲሆን የዚሁ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነው። ዛሬ ከእረፍት በኋላ ሱፐርቫይዘሯ የሊቁን ትምህርት ልታይ ትመጣለች። ከወደደችለት ምክትል ርዕሰ መምህር ይሆናል። ለሚስቱማ "ሆኛለሁ" ካላት ሳምንት አልፎታል።)

ሊቁ፦ አትንካቸው አልኩህ!

ጋሼ፦ ሳልነካ በምን ልወልውላቸው? በትንፋሼ?

ሊቁ፦ ዛሬ አይወለወሉም። አቧራው ዕድሜ ይሰጣቸዋል።

ጋሼ፦ አቧራው የትናንት ነው። እነሱ ስንት ዓመታቸው ነበር ያልከው?

ሊቁ፦ ሚሊዮን!

ጋሼ፦ ከሚሊዮን ላይ የአንድ ቀን አቧራ ብወስድ ማን ያውቅብሃል? እሺ፣ ሌሎቹ ይቅሩ። ሦስተኛውን ብቻ ላንሳው።

ሊቁ፦ ለምን ሦስተኛውን?

ጋሼ፦ አያታችን አይደለም።

(ሊቁ ጠመኔውን ያስቀምጣል። ይህችን ቃል ከአማቹ አፍ ሲጠብቅ ነው የኖረው።)

ሊቁ፦ መጣህ! ጋሼ፣ እምነትህን አከብራለሁ...

ጋሼ፦ እምነትን ማን አነሳ?

ሊቁ፦ ከዝንጀሮ መጣን አላልኩም! የጋራ አያት ነበረን ነው ያልኩት። ስንቴ ልንገርህ?

ጋሼ፦ ይሁንልህ። በአራቱ አልከራከርህም። ፈጣሪ እንዴት እንደሠራን እሱ ያውቃል። ይሄኛው ግን ዘመዳችን አይደለም።

ሊቁ፦ አራቱን ተቀብሎ አንዱን መካድ ምን ዓይነት ሃይማኖት ነው?

ጋሼ፦ እስቲ ፊቱን ደህና አድርገህ እየው።

ሊቁ፦ ስድስት ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ! ሳይንስ ማለት ምንድን ነው? ማየት፣ መጠራጠር፣ መመርመር! እናንተ ሳታዩ ታምናላችሁ፤ እኛ ሳናይ አናምንም። (ይህን ሁሉ የሚናገረው ጀርባውን ለመደርደሪያው ሰጥቶ ነው።)

ጋሼ፦ ታዲያ እነዚህ አናቱ ላይ ጉብ ጉብ ያሉት ሁለቱ ምንድን ናቸው?

ሊቁ፦ የአስተሳሰብ እብጠት ይባላሉ።

ጋሼ፦ ማን አላቸው?

ሊቁ፦ እኔ... ሳይንስ! አያታችን ማሰብ ሲጀምር አእምሮው ቦታ ጠበበው። በግራና በቀኝ ገፍቶ ወጣ።

ጋሼ፦ (አናቱን እየዳበሰ) እኔ ላይ የለም።

ሊቁ፦ አንተ ላይ አለመኖሩ አይገርመኝም።

ጋሼ፦ አንተም ላይ የለም።

ሊቁ፦ ወደ ውስጥ ገባ!

ጋሼ፦ እሺ፣ የላይኛው የፊት ጥርሱስ የት አለ?

ሊቁ፦ አልነበረውም። ቅጠል በል ነበር።

ጋሼ፦ እሱስ እውነትህን ነው።

ሊቁ፦ አየህ! ቀስ በቀስ ይገባሃል። (በኮሌታው ያራግባል) ኡፍ፣ ሙቀቱ! የዓለም አየር ንብረት ተለውጧል ብልህም አታምነኝም መቼስ።

ጋሼ፦ እሱንማ አምናለሁ።

ሊቁ፦ (ቅር ይለዋል፤ ክርክሩን አዘጋጅቶ ነበር) የት አነበብክ?

ጋሼ፦ እዚህ። (የዕቃ ቤቱን በር ወደ ራሱ ስቦ ይከፍተዋል። ጀርባው በእርሳስ በተጻፉ ቀኖች ተሞልቷል።) ጣሪያው እዚህ ጋ ያፈሳል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ባልዲ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ባልዲ ባስቀመጥኩ ቁጥር ቀኑን እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ድሮ ልጆቹ ገና ለፈተና ሲያጠኑ ያፈስ ነበር። አሁን ፈተናውን ጨርሰው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው።

ሊቁ፦ ምናልባት ጣሪያው ተጠግኖ ይሆናል።

ጋሼ፦ ማን ይጠግነዋል?

(ሊቁ በሩን መልሶ ይዘጋዋል።)

ሊቁ፦ ቢሆንም ባልዲ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ ማለት ይሄ ነው! (የግድግዳውን ፖስተር ይጠቁማል) ድቡን አየኸው? የቆመበት በረዶ እየቀለጠበት ነው።

ጋሼ፦ አንተ ድቡን አይተኸዋል?

ሊቁ፦ ታትሟልኮ!

ጋሼ፦ እንግዲህ እኔ ድብ አላውቅም። ባልዲዬን ነው የማውቀው።

(የእረፍት ደወል ይደወላል። ሊቁ ደንግጦ ክራቫቱን ያጠብቃል።)

ጋሼ፦ ሊቁ፣ ሰዓት የለንም። ሴትዮዋ ሳትመጣ ልንገርህ፤ እንዳትቆጣ። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ አንተ ተዛውረህ ልትመጣ ሳምንት ሲቀርህ፣ እውነተኛው ሦስተኛ ከእጄ አመለጠ። ጄሶ አይደል? እንክትክቱ ወጣ።

ሊቁ፦ የቱ እውነተኛ?

ጋሼ፦ እንዳያባርሩኝ ፈራሁ። ሥጋ ቤቱ ጀርባ ሄድኩ።

ሊቁ፦ ሥጋ ቤት ምን አለ?

ጋሼ፦ የበግ ራስ አለ። ቀንዱን በመጋዝ ቆረጥኩት፤ አፍንጫውን ሞረድኩት፤ ኖራ ቀባሁና ቦታው ላይ አስቀመጥኩት።

(ሊቁ ዞሮ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። ሦስተኛውን ያነሳል። ፊት ለፊት ያየዋል፤ በጎን ያየዋል። በሕይወቱ እንደዚህ ደህና አድርጎ ያየው ነገር የለም።)

ሊቁ፦ በግ ነው።

ጋሼ፦ በግ ነው።

ሊቁ፦ እብጠቱስ?

ጋሼ፦ የቀንዱ ሥር ነዋ።

ሊቁ፦ ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ሙሉ በግ አያታችሁ ነው ብዬ ሳስተምር ዝም ትለኛለህ?

ጋሼ፦ የመጀመሪያ ቀን ገብተህ ታየዋለህ ብዬ ዕቃዬን ሸክፌ ነበር የጠበቅኩህ። አንተ ገባህ፣ ቀና አልክ፣ "የአስተሳሰብ እብጠት!" ብለህ ጮኽክ። እንደዚያ አፍህን ሞልተህ ስትናገር እኔ ራሴ ተጠራጠርኩ። በገዛ መጋዜ የቆረጥኩትን! ይኸው ከዚያ ወዲህ የበግ ሥጋ በአፌ አልዞረም። ምናልባት ዘመድ ቢሆንስ?

ሊቁ፦ አምላኬ! አምላኬ ሆይ!

ጋሼ፦ ይሄን ያህል ትተዋወቁ ኖሯል?

ሊቁ፦ አታሹፍ! ምን ይሻለኛል?

ጋሼ፦ ተሳስቻለሁ በላት። ሳይንስ ስህተቱን ያርማል ስትል አልነበር?

ሊቁ፦ ሳይንስ ያርማል! ምክትል ርዕሰ መምህር አያርምም! (በጉን በጋሼ ባልዲ ውስጥ ይከትና እርጥብ መወልወያ ይጥልበታል። በሩ ይንኳኳል።) ይግቡ!

(ሱፐርቫይዘሯ መዝገብ ታቅፋ ትገባለች። ሰላምታ ሳትጨርስ መደርደሪያውን ትቆጥራለች።)

ሱፐርቫይዘሯ፦ አራት ናቸው። የትምህርት ዕቅድዎ ላይ አምስት ይላል።

ሊቁ፦ አምስተኛው... ማለቴ ሦስተኛው... በአሁኑ ሰዓት...

ጋሼ፦ እዚህ ነው እመቤቴ። (ከባልዲው ያወጣዋል። ስድስት ዓመት የተሸከመው ነገር ከትከሻው የወረደለት ይመስላል።) ኖራው ሊለቅ ነው መሰል።

ሱፐርቫይዘሯ፦ (ተቀብላ አገላብጣ) ይሄ በግ ነው።

(ሊቁ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እውቀት ጎድሎት ያውቅ ይሆናል እንጂ መልስ ጎድሎት አያውቅም።)

ሊቁ፦ በሚገባ! በግ ነው! ሆን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ተማሪዎች መምህር ያለውን ሁሉ ከመዋጥ በዓይናቸው አይተው እንዲጠራጠሩ!

ሱፐርቫይዘሯ፦ (መነጽሯን አውልቃ ታየዋለች) በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ዘዴ አላጋጠመኝም። ግሩም ነው!

ሊቁ፦ የምችለውን ያህል ነው።

ሱፐርቫይዘሯ፦ ለመሆኑ የደረሰበት ተማሪ አለ?

ሊቁ፦ (ደረቱን ነፍቶ) አንዲት አለች! ባለፈው ዓመት ፈተና ላይ "ሦስተኛው አያት በግ ነው" ብላ ጽፋለች። ለዚያውም የሚስቴ ወንድም ልጅ ናት። የቤተሰብ ነገር ነው መሰለኝ!

ሱፐርቫይዘሯ፦ ጎበዝ! ለመልሷ ስንት ሰጧት?

(ሊቁ ጣሪያውን ያያል፤ ድቡን ያያል። ድቡም ቢሆን የራሱ ጭንቀት አለበት።)

ጋሼ፦ ዜሮ።

ሱፐርቫይዘሯ፦ ምን አሉ?

ጋሼ፦ ዜሮ ነው እመቤቴ። ልጄ ስለሆነች አውቃለሁ። ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ "ዓይንሽን ታከሚ" ብሎ ጽፎባታል። (መወልወያውን ይጨምቃል) ግን እኔ ከእሱ እብሳለሁ። እያለቀሰች ቤት ስትመጣ፣ በጉን በእጄ የሠራሁት ሰውዬ፣ "የተማረ ሰው አይሳሳትም" ብዬ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ "ዓይኗ ምንም አልሆነም" አለኝ። እሱንም አላመንኩትም። በግድ መነጽር አስገዛኋት። አሁን በመነጽሩ የተነሳ ደረጃ ስትወርድ ትደናቀፋለች። ያንገበግበኛል።

(ሱፐርቫይዘሯ መዝገቡን ትዘጋለች። በጉን ወስዳ ሦስተኛው ቦታ ላይ ራሷ ታስቀምጠዋለች።)

ሱፐርቫይዘሯ፦ ልጅቷን ጥሩልኝ። የዛሬውን ትምህርት እሷ ትሰጣለች።

ሊቁ፦ እኔስ?

ጋሼ፦ (የመጨረሻውን አግዳሚ ወንበር እየወለወለ) ና፣ እኛ እዚህ ነን።