ከአውሮፕላን ቀድሞ የመድረስ ወንጀል

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ለኮሚቴ ይሁን። ኮሚቴ ባይኖር ኖሮ ላይኛው ከተማና ታችኛው ከተማ በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ይገባኛል ተፋጅተው ባለቁ ነበር። ላይኛው ከተማ «ማረፊያው ከእኛ ዘንድ ካልተሠራ ሰማዩም ጥንቅር ይበል» አለ። ታችኛው ከተማ ደግሞ «ከእነሱ ዘንድ ከሚያርፍስ እዚያው ሰማይ ላይ ይክረም» አለ። ሽማግሌ ቢላክ፣ ደብዳቤ ቢጻፍ፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ኮሚቴው ረጅም ገመድ ይዞ ወጣ። ከከተማ ከተማ ያለውን መንገድ ለካና ገመዱን ለሁለት አጠፈው፤ እኩሌታው በወደቀበት ቦታ ድንጋይ አቆመ። ማረፊያው እዚያ ተሠራ። ለላይኛው ከተማ በምሥራቅ በኩል በር ተከፈተለት፤ ለታችኛው ከተማ በምዕራብ በኩል። ማንም አልበለጠ፣ ማንም አልተበለጠ። ፍትሕ ካልቀረ እንዲህ ነው።

ማረፊያው ካለ አውሮፕላን መምጣቱ አይቀርም፤ መጣም። ወደ ዋና ከተማው የሚበረውን መስመር ትልቁ አየር መንገድ ቆንጥጦ ይዞታል። ሰው ያልነካው መስመር አንድ ብቻ ነበር፤ ከላይኛው ከተማ ወደ ታችኛው ከተማ። «ክንፍ ለሁሉም» የተባለው አዲሱ ርካሽ አየር መንገድ ይህን ሲያይ ዓይኑን አላሸም። በምረቃው ዕለት ሥራ አስኪያጁ ከራቫቱን አጥብቆ መድረክ ላይ ወጣ። «አበው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። የእኛ ሕዝብ ግን ከዛሬ ጀምሮ በእግሩ አይሄድም!» አለ። ጭብጨባው ለጉድ ነበር።

በረራው እንዲህ ነው። መንገደኛው በምሥራቁ በር ገብቶ ይሳፈራል። አውሮፕላኑ ይነሳል፤ ላይኛው ከተማን አንዴ ይዞረዋል፣ ታችኛው ከተማን አንዴ ይዞረዋል፤ ከዚያ ተመልሶ በተነሳበት ሜዳ ላይ ያርፋል። መንገደኛው በምዕራቡ በር ይወጣል። ነገረኛ ሰው «ታዲያ በአንደኛው በር ገብቶ በሌላኛው መውጣት አይበቃም ወይ?» ሊል ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሰው የትም አገር አይጠፋም፤ ዕድገትን ጭራዋን ይዞ የሚጎትታት እሱ ነው።

ትኬቱ እውነትም ርካሽ ነበር። ወንበር ለሚፈልግ ብቻ የወንበር ሒሳብ ይጨመርበታል። መስኮት አጠገብ ተቀምጦም ፊቱን ወደ መተላለፊያው ላዞረ ሰው የመስኮት አይጠየቅም። ሕዝቡ ሞተለት። በየሰፈሩ የሚሰማው ይኸው ሆነ፦

«ትናንት በርሬ መጣሁ።»

«ከየት?»

«ከዚሁ።»

«ታድለህ!»

መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ይበር የነበረው ብዙም ሳይቆይ በየቀኑ፣ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ጀመረ። ሪፖርቶች «ዘርፉ ተመነደገ» አሉ።

ይህ ሁሉ ምንደጋ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በአንድ ሰማያዊ አውቶቡስ ጀርባ ላይ ነበር። አውቶቡሱ የጋሽ እርጋታ ነው። ጋሽ እርጋታ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ መንገደኛ ነው ያወጣለት። በእሱ አውቶቡስ የተሳፈረች ዶሮ እንቁላሏን ጥላ፣ ታቅፋ፣ ፈልፍላ ትወርዳለች ይሉታል። አውቶቡሱም ከኋላው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚል ተጽፎበታል። ረዳት የለውም፤ ቁልፉን ለወንድሙ እንኳ አይሰጥም። ማርሿ አመለኛ ነው፤ ለእሱ ካልሆነ ለማንም አይገባም። ጠዋት ከማስነሳቱ በፊት መሪዋን መታ መታ አድርጎ «ተነሽ እንጂ እናቴ» ይላታል።

ዱሮ ከላይኛው ከተማ ታችኛው ከተማ ድረስ በቀጥታ ይነዳ ነበር። አየር መንገዱ ከመጣ ወዲህ ግን ማረፊያው ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ገመድ ተወጠረ፤ ሰው የጫነ መኪና እንዳያልፍ ተከለከለ። ባዶ መኪና ያልፋል። ስለዚህ ጋሽ እርጋታ መንገደኞቹን በምሥራቁ በር ያወርዳል፣ በባዶው በገመዱ ሥር ያልፋል፣ ሕንጻውን ዞሮ ምዕራቡ በር ላይ ይቆማል፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ይተኛል። መንገደኞቹ በርረው ሲወርዱ ቀስቅሰውት ወደ ታችኛው ከተማ ይወስዳቸዋል።

አንድ ቀን አንድ አፈኛ ነጋዴ ከአውሮፕላኑ ወርዶ በምዕራቡ በር ሲወጣ ጋሽ እርጋታን ሲያንኮራፋ አየውና «ኧረ ጉድ! ጋሽ እርጋታ እንኳን ቀደመን!» ብሎ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጋሽ እርጋታ እጅ መጥሪያ ገባ። ክሱ «ከአውሮፕላን ቀድሞ በመድረስ የዘርፉን ገጽታ ማጠልሸት» ይላል። ጥፋተኛ ከተባለ ፈቃዱ ተነጥቆ አውቶቡሱ ለዘለቄታው ይቆማል። ጉዳዩን ነገ ጠዋት የትራንስፖርት ኮሚቴው በታችኛው ከተማ አዳራሽ ያየዋል። ኮሚቴው የሚሄደው በአየር ስለሆነ፣ ተከሳሹም ከኮሚቴው ቀድሞ ደርሶ ወንጀሉን እንዳይደግም፣ በአየር ብቻ እንዲቀርብ ታዟል።

ማታ ባለቤቱ ልብስ መስፊያዋን ገፋ አድርጋ መጥሪያውን አነበበችው።

«ቀድሞ መድረስ ደግሞ መቼ ነው ወንጀል የሆነው?»

«እኔ መች ቀደምኩ? እነሱ ናቸው የዘገዩት።»

«ኧረ በልጆችህ ሞት፣ እንዲህ ብለህ እንዳትናገር! ዝም አይነቅዝም።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«አጥፍቻለሁ፣ ሁለተኛ አልደርስም በል።»

ጋሽ እርጋታ እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። የሁለት ልጆች ደብተርና ጫማ፣ የአማቱ መድኃኒት፣ የቤቱ ኪራይ፣ ሁሉም የሚወጣው ከዚያች አውቶቡስ ነው። እሷ ደግሞ ለእሱ እንጀራ ብቻ አልነበረችም፤ ይወዳታል። ፈራ፤ መፍራቱንም አልደበቀም።

ጠዋት የኮሚቴው አባላት፣ ሰብሳቢዋና ሥራ አስኪያጁ ጭምር፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሄድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሌላ አውቶቡስ ስለሌለ የተሳፈሩት የጋሽ እርጋታን ነው። ሰብሳቢዋ ወፈር ያሉ፣ ጃንጥላ የማይለያቸው፣ ሕግ አዋቂ ሴት ናቸው።

«ጋሽ እርጋታ፣» አሉ፣ «ዛሬ ተከሳሽ ነዎት። ከፊት ባይቀመጡ ደግ ነበር።»

«ከፊት ካልተቀመጥኩ ማን ይነዳል፣ እመቤቴ?»

ሰብሳቢዋ ወደ አባላቱ ዞረው ተመካከሩ። «እሺ ይንዱ። ግን እንደ ተከሳሽ።»

አንገቱን ደፍቶ እንደ ተከሳሽ ነዳ። ምሥራቁ በር ላይ አቆማት፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ከሰዎቹ ኋላ ተሰልፎ ገባ። ወንበር አልጨመረም ነበርና ቆሞ በረረ። በዕድሜው ከመሬት ሲነሳ የመጀመሪያው ነው። በሰው ትከሻ ላይ አሾልኮ ቁልቁል ሲያይ አውቶቡሷ የክብሪት ቀፎ አክላ ታየችው። «እንዲህ ትንሽ ነበረች እንዴ?» አለ።

አረፉ። በምዕራቡ በር ወጡ። እንደ ወትሮው አውቶቡሱ በሚቆምበት ቦታ ተሰልፈው ቆሙ። ፀሐይዋ በረታች፤ ሰብሳቢዋ ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

«ይኼ አውቶቡስ ዛሬ ምን ነካው?» አሉ።

«ሹፌሩ ነዋ!» አለ ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ። «ይኸውልዎት፣ ዓይንዎ እያየ። ለሥራው ደንታ የለውም ያልኩት ለዚህ ነው።»

ጋሽ እርጋታ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሹፌሩ እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«በርሬ መጣሁ።»

«አውቶቡሱስ?»

«እሷ አልበረረችም።»

ከሕንጻው ጀርባ፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ፣ ሰማያዊ ጣሪያዋ ይታያል። ጋሽ እርጋታ ሊያመጣት ወደ ገመዱ ሄደ። ዘበኛው ከበርጩማው ተነሳ።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«አውቶቡሴን ላምጣ።»

«ትኬት ቆርጠህ የለም? ትኬት የቆረጠ ሰው ገመዱን በእግሩ አያልፍም። በአየር የመጣ በአየር ይመለስ ይላል መመሪያው። የመልስ በረራው ማታ ነው።»

«በየቀኑ ስታሳልፈኝ አልነበር እንዴ?»

«ባዶ አውቶቡስ ነው ሳሳልፍ የነበረው።»

«እኔ ውስጡ ነበርኩ እኮ!»

«ሹፌር መሪ ከያዘ የመኪና ዕቃ ነው ጋሼ። ዛሬ ግን ሰው ሆነህ መጣህ። ባለ ትኬት ሰው አላሳልፍም፤ የልጆች አባት ነኝ።»

ምን ይባላል? መመሪያ ነው። ሰብሳቢዋ ይህን ሲሰሙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷልና ችሎቱ እዚሁ ይሁን አሉ። አንዲት ዛፍ ተገኘች፤ ሰብሳቢዋ ሻንጣቸው ላይ ተቀመጡ፣ አባላቱ መሬት ላይ ሶፍት አነጠፉ።

«ተከሳሽ፣ ከአውሮፕላኑ ቀድመው ደርሰዋል ወይስ አልደረሱም?»

ጋሽ እርጋታ ባለቤቱ የመከረችው ትዝ አለው። «አጥፍቻለሁ። ሁለተኛ አልደርስም።»

«ይቅርታዎን ኋላ ያቀርባሉ። ዛሬን ነው የጠየቅሁት።»

«ዛሬማ እኩል ደረስን። አብረን ነበርን።»

«አውቶቡስዎስ?»

«እስካሁን አልደረሰችም።»

ድንገት ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ፤ ፊቱ በራ። «የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት! ልብ ብላችኋል? አውሮፕላናችን አውቶቡሱን ቀደመው!»

እውነትም ቀድሞታል። አባላቱ ተነስተው አጨበጨቡ፤ አንዱ አቅፎ ሳመው። እዚያው ውሳኔ ተሰጠ። ተከሳሹ በነፃ ተሰናብቷል፣ ፈቃዱ አይነካም። ይህ ታሪካዊ ውጤት ዘላቂ ይሆን ዘንድ ጋሽ እርጋታ በወር ደመወዝ የአየር መንገዱ ቋሚ ተሳፋሪ ሆኖ ተሹሟል፤ እሱን ሳይዝ አንድም አውሮፕላን አይነሳም። ውሳኔው ተፈርሞ ካበቃ በኋላ ኮሚቴው ወደ ታችኛው ከተማ በእግሩ ጉዞ ጀመረ። ሰብሳቢዋ ገና ግማሽ ሳይሄዱ የጫማቸው ተረከዝ ተነቀለ።

ጋሽ እርጋታ ሹመቱን ተቀብሎ ሰማያዊውን ጣሪያ እያየ አለቀሰ። የደስታ ነው ተባለ።

ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ አውሮፕላን ቀድሞ አያውቅም። ጋሽ እርጋታ ጠዋት መንገደኛውን ምሥራቁ በር ያደርሳል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል፣ አብሯቸው ይበራል። በምዕራቡ በር ከወጡ በኋላ መንገደኞቹ ጫማቸውን አንጠልጥለው በእግራቸው ታችኛው ከተማ ይገባሉ፤ እሱ ዛፏ ሥር ተቀምጦ የማታውን በረራ ይጠብቃል። አየር መንገዱ የተሳፋሪው ቁጥር በእያንዳንዱ በረራ መጨመሩን ለሚመለከታቸው አሳወቀ፤ የጨመረው ጋሽ እርጋታ ነው። ደመወዙ አውቶቡሷ ከምታስገኝለት ይበልጥ ነበር። የልጆቹ ጫማ ተለወጠ፣ የአማቱ መድኃኒት ሳይቋረጥ ተገዛ። የጎደለበት ነገር ቢኖር ምሳ ነው። በምዕራቡ በር በኩል የሚሸጥ ነገር የለም፤ እስከ ማታ አንጀቱን አጥፎ መዋል ሆነ።

ባለቤቱ ይህን መቻል አልቻለችም። ምሳ ዕቃውን ቋጥራ ከእሱ ጋር በአውቶቡስ እስከ ምሥራቁ በር ትሄዳለች፤ እሱ ሲሳፈር እሷ በእግሯ ወደ ገመዱ ታመራለች። ዘበኛው ትኬት አልቆረጠችምና የሚከለክልበት መመሪያ አላገኘም። ትኬት ሳይቆርጥ በእግሩ የሚያልፍ ይኖራል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ስለ እንዲህ ዓይነቱ እግረኛ የተጻፈ ነገር የለም። ገመዱን ከፍ አድርጎ «እለፊ እትዬ» ይላታል። ዱሮ አውቶቡሱ ይቆምበት በነበረው ቦታ ተቀምጣ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች።

አንድ ጠዋት ያ አፈኛ ነጋዴ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ሲወጣ አያት። «ኧረ ጉድ! የጋሽ እርጋታ ሚስት እንኳን ቀደመችን!»

መንገደኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

መጥሪያው በሳምንቱ መጣ። እዚያው ዛፏ ሥር፣ እሱ ምሳውን እየበላ፣ እሷ አነበበችው። «ነገ ጠዋት ይላል። በአየር ብቻ ይላል።»

ጋሽ እርጋታ አሁን ነገሩ የገባው ሰው ነው። «አይዞሽ፣ ቀላል ነው። እኔም አብሬሽ አለሁ። አጥፍቻለሁ፣ ሁለተኛ አልደርስም በይ።»

«እሱንስ እላለሁ፣» አለች መርፌዋን ልብሱ ላይ እየሰካች። «ግን እኔ ከአንተ ጋር ከበረርኩ ምሳህን ማን ይዞ ይጠብቅሃል?»

ጥያቄው ለኮሚቴው ተመርቷል።