ውሃ የማታሳልፈው ቮልስ

የሚያፈስ ነገር ያለው ሰው አማካሪ አያጣም። ጣሪያችሁ ያፍስና ጎረቤት ሁሉ የጣሪያ ሐኪም ይሆናል። የማያውቅ ሰው ዝም ይላል ብላችሁ ከጠበቃችሁ እኛ ሰፈር አልኖራችሁም። የሚያፈሰው መኪና ከሆነማ ምክሩ በነፃ ብቻ ሳይሆን በግድ ነው።

የሱሉልታው ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ አሮጌ ቮልስ አላቸው። ባለቤታቸውን አዴ ብርቄን ሙሽራ አድርገው ያመጡት በዚህች መኪና ነው፤ ዘንድሮ የምትዳረው ልጃቸው ሌንሴም በእሷ ተሳፍራ ቤተ ክርስቲያን ካልደረሰች ሠርጉ ሠርግ አይመስላቸውም። ችግሩ፣ ቆርቆሮዋ የተጋጠመበትን ሁሉ ዝገት በልቶታል። ዝናብ ሲመጣ ውስጧ ከተቀመጠ ሰው ውጭ የቆመው ይሻላል። ሠርጉ ደግሞ በበልግ ነው።

ስለዚህ ቡራዩ ወዳለው ባትላሜራ፣ ወደ ተስፋዬ፣ ወሰድናት። ዝገቱን ቆርጦ አዲስ ቆርቆሮ በየደባት፤ የቀረው መጋጠሚያውን በምን እናሽገው የሚለው ነበር። እዚህ ላይ ጉባኤው ተጀመረ። ተስፋዬ ስቱኮ አለ። ስቱኮ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ኮረኮንች ላይ ይሰነጠቃል ብዬ ተቃወምኩ። ዘይት ሊያስቀይር የመጣ የማናውቀው ሰውዬ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አለ። እሱ ደግሞ ቀለም አይዝም፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ጭራሽ ብረት ያዝጋል። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ሰበታ ድረስ ሄደን፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራ፣ ደርቆም እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ ቀለምም የሚይዝ ማሸጊያ አገኘን። ምርጫችን ትክክል ነበር። ብዙ ጊዜ ስለማይገጥመን ነው የምነግራችሁ።

ሁሉም ታሽጎ ማሸጊያው ተረፈ። የተረፈ ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ አይጣልም። ኦቦ ገመቹ ቤት ወስደው የመኪናዋ ወለል ላይ ያገኙትን ቀዳዳ ሁሉ በደስታ ደፈኑበት። ቀዳዳዎቹ የገባ ውሃ እንዲወጣባቸው ሆን ተብሎ የተበሱ መሆናቸውን ያወቅነው ኋላ ነው። ለጊዜው በአትክልት ማጠጫ ጎማ ውሃ አርከፈከፍንባት፤ ጠብታ አልገባም። ኦቦ ገመቹ እንባቸው መጣ፤ እኔም ደስ አለኝ።

በሠርጉ ዋዜማ አዴ ብርቄ ጠበል አስመጡ። አዲስ የተሠራ መኪና ጠበል ሳይነካው ከግቢ አይወጣም። እሳቸው ግን መርጨት የሚባል ነገር አያውቁም። በሮቹን ከፍተው ጀሪካኑን እንዳለ ገለበጡት።

ጠዋት ሌንሴ ስትገባ ነጭ ጫማዋ ውሃ ውስጥ ሰመጠ። ሚዜዎቹ በሌላ መኪና ትሂድ አሉ። ኦቦ ገመቹ መሪውን እንደጨበጡ አንገታቸውን ደፉ። አሳዘኑኝ።

ሌንሴ ጫማዋን አውልቃ ለሚዜዋ ሰጠች፤ ቬሎዋን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች።

"አባዬ፣ ንዳ በቃ። ጠበል እኮ ነው።"

"ቶሌ" አሉ ኦቦ ገመቹ፣ እሺታቸው ነው፤ ሞተሩን አስነሱ። በባዶ እግሯ ተሳፍራ ሄደች፤ ቬሎዋ ግን አልራሰም።

ከሠርጉ በኋላ ተስፋዬ መጥቶ ቀዳዳዎቹን ልክፈታቸው አለ። አዴ ብርቄ ከለከሉት። ጠበል መሬት ላይ ፈስሶ ሊረገጥ ነው? እሺ፣ በጨርቅ እናድርቀው አልኩ እኔ።

"አንተ ደግሞ፣ ጠበል በመወልወያ ጨርቅ?" ብለው እንዴት እንዳዩኝ።

ኦቦ ገመቹን ብንጠይቃቸው "እሷን እሺ አሰኙልኝና ክፈቱ" አሉ። እስካሁን እሺ ያሰኛቸው የለም። ቮልሷ ጠበሏን ይዛ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ወለሏን ከውስጥ ዝገት ጀምሮታል።

ማሸጊያው ግን ጠብ አላደረገም።