በማሽን የተጨበጨበለት ቦኖ

ታላቅ ሥራ ሁሉ በታላቅ ንግግር እንደሚጀመር የታወቀ ነው። ስሙን መጥራት የማያስፈልገን አንድ ጽሕፈት ቤት ግን ከዚህም አልፎ፣ ንግግሩ ካማረ ሥራው ባይጀመርም አይከፋም የሚል የበሰለ አቋም ነበረው። ኃላፊው አቶ ባንተአምላክ ይህን አቋም በተግባር ያስመሰከሩ ሰው ናቸው። በአዘና አቅጣጫ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ ያስተከሉትን የውሃ ቦኖ ሪባን ቆርጠው፣ ረጅም ንግግር አድርገው፣ በደመቀ ሥነ ሥርዓት መርቀውታል። ከቦኖው ውሃ አለመውጣቱ የበዓሉን ድምቀት ቅንጣት ታህል አልቀነሰውም።

ያ በዓል ለትውልድ እንዲተላለፍ ፊልም ተቀረጸ። ፊልሙ ደግሞ ድምፁ እንዲስተካከል ይሄነው ወደሚባል ባለሙያ ተላከ።

ይሄነው በእንጅባራ ከመናኸሪያው ጀርባ «የፊልምና የቴሌቪዥን ድምፅ ማቀነባበሪያ» የሚል ታፔላ የሰቀለ ጎልማሳ ነው። ክፍሉን ድምፅ እንዳያስገባ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኖታል፤ ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ነው። ቆሰበር በምትባለውም በዚህችው ከተማ ዝናብ ሲጀምር ማቆሚያውን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር የፊልምና የቴሌቪዥን ድምፅ ማቀነባበሪያው ሥራ ይፈታል፣ ባለቤቱም በር ላይ ቁጭ ብሎ ዝናቡን ይራገማል። በጋውን የሚያሳልፈው ከሠርግ ቪዲዮ ላይ የሰካራም ጩኸት በማጥፋት ነው። በዚያ ሁሉ ሠርግ መጨረሻ ላይ የካሜራ ባለሙያው ስም ይጻፋል፣ የዲኮር ሠሪዋ ስም ይጻፋል፣ የይሄነው ስም ግን አንድ ቀን ተጽፎ አያውቅም። ይህ ነገር ሆዱን ይበላዋል። አቶ ባንተአምላክ «በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ስምህም ይወጣል» ሲሉት ልቡ ቅቤ ሆነ።

ያልተነካውን ቅጂ አብረው ከፈቱት። በመጀመሪያ ነፋስ ተሰማ። ቀጥሎ አቶ ባንተአምላክ ተሰሙ፤ ለረጅም ጊዜ ተሰሙ። ንግግሩ ሲያልቅ ሦስት ሰዎች አጨበጨቡ፤ አንዱ የጽሕፈት ቤቱ ምክትል አቶ አወቀ ነበሩ፣ ሌላው ሾፌሩ፣ ሦስተኛው ዝንብ እያባረረ ነበር። ከዚያ ቦኖው ተከፈተና እንደ ታመመ ሰው ሲያቃስት ቆይቶ ዝም አለ። በዝምታው መካከል አንዲት ሴት ጥርት ባለ ድምፅ «ውሃው የታለ?» አለች።

አቶ ባንተአምላክ ፊልሙን አስቆሙት።

«ይቺ ሴት ማን ናት?»

«እናቴ ናት» አለ ይሄነው።

«እግዜር ያቆይልህ። አጥፋት።»

ይሄነው ጥቂት አመነታ። የተወለደው እዚያው ቀበሌ ነው፤ እናቱ ወይዘሮ ይታይሽ ዛሬም ጄሪካን አዝለው ገደሉን ወርደው ከምንጭ እንደሚቀዱ ያውቃል። ጉልበታቸው እንደማይችል ደግሞ ከሁሉ በላይ ያውቃል። ግን ውሃው ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል፤ ፊልሙ የሚተላለፈው አንድ ጊዜ ነው። እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነና እናቱን አጠፋቸው። በምትካቸው ዳንግላ ከተቀዳ ሠርግ ላይ ያመጣውን እልልታ አስገባ። እውነቱን ለመናገር እልልታው ግሩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተያያዘ። አቶ ባንተአምላክ ጭብጨባው አነሰ አሉ፤ ይሄነው የዚያኑ ሠርግ ጭብጨባ ጨመረ። አሁንም አነሰ አሉ፤ በላዩ ላይ ደረበበት። ለራስ ማጨብጨብ ትዝብት ላይ አይጥልም ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ኃላፊው «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ብለው በአበው ጥበብ ዝም አሰኙት። ቀጥሎ ነገሩ ወደ ፈረስ ዞረ። በአዊ ምድር ያለ ፈረሰኛ የሚከበር እንግዳ እንግዳ አይባልም፤ ለምረቃው ግን ከፈረሰኞቹ የመጡት ሦስት ብቻ ነበሩ፣ ከሦስቱም ለማይኩ ቀርቦ ያለፈው አንዱ ነው። ይሄነው የዚያን ፈረስ ኮቴ ደግሞ ደጋግሞ፣ አንዱን ከአንዱ ትንሽ እያዘገየ ደረደረው። ከአንድ ፈረስ የጋማ ከብት ሠራዊት ወጣ። ምስሉ ላይ አቧራ ብቻ ስለሚታይ ማንም «የታሉ?» አይልም።

የቀረው ውሃው ነበር። ምስሉ ላይ ቦኖውን የአቶ ባንተአምላክ ሰፊ ጀርባ ጋርዶታል፤ በዚህም ተፈጥሮ ራሷ ከጽሕፈት ቤቱ ጎን እንደቆመች መረዳት ይቻላል። ይሄነው ሳፋ አመጣ፣ ማይኩን አስጠጋ፣ ከጄሪካን ውሃ ከፍ አድርጎ አንቆረቆረ። ኃላፊው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና እንባ ቀረሽ ሆኑ። ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ያለ የተሳካ ፕሮጀክት አላየሁም አሉ።

ፊልሙ ተላለፈ። መጨረሻው ላይ «ድምፅ፦ ይሄነው» የሚል ጽሑፍ ዓይን እስኪያርገበግቡ ድረስ ታየ። ይሄነው በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም። ደስታው እስከ ማግስቱ ጠዋት ቆየ።

ጠዋት የመጡት አቶ ገብረ ማርያም ነበሩ፤ ከሦስቱ ፈረሰኞች አንዱ። ገብተው ቆሙ እንጂ አልተቀመጡም። የዚህ አገር ፈረሰኛ የሰው ስም ሊረሳ ይችላል፣ የፈረሱን ኮቴ ግን በሕልሙም ይለየዋል። ያን ዕለት ፈረሳቸው ዳማ የኋላ ግራ እግሩን እሾህ ወግቶት ያነክስ ነበር። ይሄነው ያባዛው እሱን ነው።

«የአገሩን ፈረስ ሁሉ አሳነከስከው» አሉት ቀስ ብለው። «በስንቱ ዘንድ መሳቂያ ሆንን። ደግሞ ሁሉም በግራ።»

ይቅርታ ጠይቆ፣ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ብሎ ሸኛቸው። እሳቸው ሲወጡ እናቱ ገቡ። በባጃጅ መጥተዋል፤ በእጃቸው ባዶ ጄሪካን ይዘዋል።

ወይዘሮ ይታይሽ እንደነገሩት፣ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ፊልሙን ካሳየ ወዲህ ቀበሌው በሙሉ ቦኖው ሥር ተሰልፎ ነው ያደረው። ሲንቆረቆር በጆሯችን ሰምተናል፣ ማታ ማታ ነው የሚለቁት እየተባባለ። ምንጭ የሚወርድ ጠፍቷል፣ ማድጋው ሁሉ ደርቋል። እሳቸው ግን ቴሌቪዥኑ ላይ የልጃቸውን ስም ሲያዩ ነገሩ ገባቸው።

«ላም አለኝ በሰማይ አደረግኸን» አሉና ጄሪካኑን ጠረጴዛው ላይ፣ ላፕቶፑ አጠገብ አስቀመጡት። «በል ቅዳልኝ። ድምፁ ያለው አንተ ዘንድ ነው አሉ፤ ውሃውም አይጠፋህም።»

ይሄነው አፈረ። ጄሪካኑን ከግቢው ቧንቧ ሞልቶ፣ ባጃጅ ጠርቶ ጫነላቸው። የእሳቸውን ድምፅ እንዳጠፋው ሊነግራቸው ሲል ቃሉ አፉ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

አቶ ባንተአምላክ በበኩላቸው ከፊልሙ ወዲህ አንድ ልማድ ይዟቸዋል። በየስብሰባው ከአንድ አረፍተ ነገር በኋላ ቆም ብለው ይጠብቃሉ። አዳራሹ ዝም ሲል ቅር ይላቸዋል፤ ፊልሙ ላይ የነበረው ያ ሞቅ ያለ ሕዝብ የት ሄደ ይላሉ። በመጨረሻ ይሄነውን አስጠሩትና ላፕቶፑንና ስፒከሩን ይዞ በየስብሰባው ከጀርባቸው እንዲቀመጥ መመሪያ ሰጡት። አሠራሩ በአጭር ጊዜ ውጤታማ ሆነ። ኃላፊው እጃቸውን ሲያነሱ ጭብጨባ ይለቀቃል፤ ተሰብሳቢ እጁን ሲያነሳ ደግሞ የበለጠ ጭብጨባ ይለቀቃል፣ ጥያቄውም በክብር ይሰምጣል። ምክትሉ አቶ አወቀ በእያንዳንዱ ስብሰባ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይህን ሁሉ በአንክሮ ይከታተሉ ነበር።

የቀበሌው አቤቱታ ግን ከበላይ አካል ዘንድ ደረሰ። ውሃ የለም የሚል አቤቱታ ብዙ ጊዜ ደርሶ ያውቃል፣ ያስደነገጠ የለም። ይሄኛው «በቴሌቪዥን የምንሰማው ውሃ ለማን እየተሰጠ ነው?» የሚል ስለሆነ አሳሰበ። ከዚያው አንድ ትልቅ እንግዳ ወደ ቀበሌዋ መጡ፤ ሕዝቡ ቦኖው ዙሪያ ተሰበሰበ። ብዙዎቹ ባዶ ጄሪካናቸውን ገልብጠው ተቀምጠውበታል። አቶ ባንተአምላክ ጉብኝቱ ለሹመት እድገታቸው መሆኑን ከታመነ ምንጭ ሰምተው ነበርና አዲስ ኮት ለብሰዋል። ይሄነው በጄኔሬተር የሚሠራ ስፒከሩን ደቅኖ ከኋላቸው ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ እናቱ አሉ፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

እንግዳው ሊናገሩ ሲነሱ ጄኔሬተሩ አስነጠሰና ጠፋ። ነዳጅ አልቆበታል። እንግዳው ግን ድምፀ ጎርናና ስለነበሩ ያለ ማይክ ንግግራቸውን ጀመሩ። ጽሕፈት ቤቱ ባለፉት ጊዜያት ያስመዘገባቸው ድሎች በርካታ መሆናቸውን ገለጹ። ድሎቹን ይበልጥ ለማጠናከር ሲባል አቶ ባንተአምላክ ከዛሬ ጀምሮ ከኃላፊነታቸው ተነስተዋል አሉ።

ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሌላው ተከተለ፣ መስኩ በአንድ ጊዜ ተናጋ። ጄሪካን እንደ ከበሮ የሚመታ ነበር። አቶ ገብረ ማርያም በፈረሳቸው ላይ ሆነው ይፎክራሉ። አቶ ባንተአምላክ «ተነስተዋል» የሚለው ወደ ላይ ነው ወደ ታች እያሉ ሲያሰላስሉ ድምፁ ስለበዛባቸው ወደ ኋላ ዘንበል አሉ።

«ይሄነው፣ ቀንሰው እንጂ። አበዛኸው።»

«የኔ ጠፍቷል፣ ጌታዬ። ነዳጅ የለም።»

አቶ ባንተአምላክ ስፒከሩን አዩት። ሽቦው መሬት ላይ ተጋድሟል። ጭብጨባው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

«ይሄ እልልታስ? የዳንግላው ነው?»

«እናቴ ናት» አለ ይሄነው። በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ ነው ያለው።

ጽሕፈት ቤቱን እንዲመሩ የተሾሙት አቶ አወቀ ሆኑ። ለንግግር ከመነሳታቸው በፊት ወደ ይሄነው ጠጋ ብለው በጆሮው አንሾካሾኩ።

«ይህን ጭብጨባ ቀድተኸዋል አይደል? ጥራቱ ከዳንግላው ይበልጣል።»

«አልቀዳሁትም።»

አቶ አወቀ ከልብ አዘኑ። ሾፌሩን በሞተር ነዳጅ እንዲያመጣ ላኩ፤ ሕዝቡም ለቀረጻ ሲባል ያጨበጨበውን በድጋሚ እንዲያጨበጭብ በትሕትና ሊጠይቁ አዲሱን የኃላፊ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዞሩ። መስኩ ላይ የቀረው ቦኖው ብቻ ነበር። ሰዉ ጄሪካኑን አንስቶ ወደ ምንጩ ወርዷል፤ ከወይዘሮ ይታይሽ ኋላ የእሳቸውን ጄሪካን የተሸከመው ደግሞ ይሄነው ነው።