የጁባ ብርድ

ሐበሻ በሰፈረበት ምድር ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይተከል፣ ዕድር ሳይቋቋም፣ ያለ ፈቃድ የሚያክም ሰው ቀድሞ ይደርሳል። ለጁባ የደረሷት ሊቀ ጠበብት ኢንጂነር መልከጼዴቅ ናቸው። ሙያቸው የመንገድ ቅየሳ ነው፤ ይህ ግን አንድም ቀን ከምርመራ አግዷቸው አያውቅም።

ሳትጠይቃቸው ዋና ታካሚያቸው የሆነችው ቶንፒንግ በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ያላት ሮማነወርቅ ናት። ሕመሟ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል፤ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ዞሮ መገጣጠሚያዎቿን ያጠቃል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ የሌላ ሰው ናቸው፤ የልብሷን ቁልፍ እንኳ ለመቆለፍ የሚታዘዟት ረፋድ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ኢንጂነሩ በሁለት ቃል ደመደሙት።

«ብርድ ነው።»

የተናገሩት ቆርቆሮው በሙቀት በሚንጣጣበት፣ ውሻ ጥላ ፍለጋ መኪና ሥር በሚገባበት የመጋቢት ቀትር ነበር።

«ከየት የመጣ ብርድ ነው፣ ጋሼ?»

«ከአገርሽ ይዘሽው የመጣሽው። አጥንት ውስጥ ይከርማል።»

በዚህ ከተማ የምግብ ቤት ባለቤት ደንበኛዋን ከሩቅ እጅ ነስታ አታልፍም፤ እየዞረች ትጨብጣለች። እጇን ከነፈገች «ኮራች» ትባላለች። ስለዚህ ሮማነወርቅ ከጓዳ ስትወጣ ቀኝ እጇን ውኃ ነክራ፣ ምግብ እንደነካ ሰው ክንዷን መዘርጋት ጀመረች። ሁሉም ክንዷን ያዝ አድርጎ ያልፋል። ኢንጂነሩ ግን ክንዷን ትተው መዳፏን ያድናሉ።

«እርጥብ ቢሆንስ? እኔና አንቺ ባዳ ነን? ይልቅ ደሙ ይንቀሳቀስ» ይሉና እንደ ሎሚ ይጨምቋታል።

እሷ ፈገግ ትላለች፤ ደንበኛ ናቸዋ። ጓዳ ገብታ ግን እጇን ብብቷ ሥር አቅፋ፣ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ስታረፍድ «እንቅልፍ አበዛሽ» አሏት። ደረጃ ሲከብዳት «ውፍረት ነው» አሏት፤ ስትከሳ ደግሞ «አትበዪማ» አሏት። ሕመሙ መገጣጠሚያዋን ሲያፈርስ፣ እሳቸው የቀረውን፣ አሞኛል ብላ የመታመን መብቷን፣ በየምሳው አፈረሱባት።

አንድ ቀን መድኃኒቷን በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትውጥ ሰሙ።

«በሳምንት አንዴ? መድኃኒት ነው ወይስ ሰንበቴ? በየቀኑ ዋጪው፤ ወር ሳይሞላ ትደንሻለሽ።»

ያን ሰሞን ሕመሙ እንቅልፍ ነስቷት ነበርና አመነቻቸው። ከመጀመሯ በፊት እንዳያልቅባት ብላ ጁባ ታውን ወዳለው ፋርማሲ ሄደች። ኢትዮጵያ ያደገችው ፋርማሲስት ሉብና ጥያቄውን ስትሰማ እጇ ከመደርደሪያው ላይ ቀረ።

«በየቀኑ? መቅኔሽን አድርቆ ይገድልሻል። ማን አዘዘልሽ?»

«አንድ ኢንጂነር።»

«የምን?»

«የመንገድ።»

ሉብና ሳትስቅ፣ መድኃኒቱን ሳትሸጥላት፣ ወደ ሐኪሟ ደወለች።

በማግስቱ ኢንጂነሩ ምሳ ላይ እንደተቀመጡ ሮማነወርቅ ፊታቸው ቆመች። ድምፅዋን አላነሳችም።

«ጋሼ፣ ምክርዎን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ከዚሁ ቤት ንፍሮ ይቆረጥሙ ነበር» አለችና ሉብና ያለችውንም የሕመሟን ምንነትም አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። ለብዙ ቀን ደጃፏን አልረገጡም።

ሲመለሱ በር ላይ ካለው መታጠቢያ ቀኝ እጃቸውን ነክረው፣ ሳያደርቁ፣ ክንዳቸውን ዘረጉላት።

«እጄ እርጥብ ነው» አሉ።

ከኋላቸው የገባው ነጋዴ ረፊቅ «ሮማን፣ ኬፍ?» ብሎ በዐረብኛ ደኅንነቷን እየጠየቀ መዳፉን ሲሰነዝር፣ መሐል ገብተው ያዙት።

«ክንዷን፣ ወንድሜ፣ ክንዷን። የገዛ መከላከያዋ ነው መገጣጠሚያዋን የሚያጠቃው። ብዙ ሰው አያውቀውም» አሉት፣ ሕመሙን ራሳቸው እንዳገኙት ሁሉ።

ሮማነወርቅ ያጠራቀመችው ክስ ገና አላለቀም ነበር። አፏን ስትከፍት ኢንጂነሩ ተነሥተው፣ ሒሳብ ከምትቀበልበት መቀመጫ በላይ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ አጠፉት።

«ለማንኛውም ነው» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ቤቱ በሙቀት ጋለ፤ ላብ በጀርባዋ ወረደ። ማራገቢያውን ግን፣ እሳቸው በልተው እስኪወጡ ድረስ፣ አላበራችውም።